ዕቃ መላሽ ኮሚቴ

ድግስ መደገስ የሚያቅተው በአገራችን ገና አልተወለደም። ዳስ መጣል፣ ከበሮ ማስመታት፣ «ኑ ብሉ» ብሎ መጣራት ሁሉም ይችልበታል። ጭንቁ በማግስቱ ነው፤ ዳሱ ሲፈርስ፣ የተዋሱት ድስት ለባለቤቱ ሲመለስ፣ የተሰበረው ብርጭቆ ሲቆጠርና «ይህን ሁሉ ማን አዘዘ?» የሚል ሰው ከጥግ ሲነሣ። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ማግስት ነው። አስቀድሜ ለመናገር ያህል፣ ጽሑፉ ስለ ድግስ ብቻ ነው። ሌላ ነገር የመሰለው አንባቢ ቢኖር ጥርጣሬውን ለራሱ ይያዝ፤ እኔ ድስትና ወንበር እንጂ ሌላ አልቆጥርም።

ድግሱ የመቐለዎች፣ ይልቁንም የእኛ የዓይደሮቹ ነው። የተጀመረው ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ሲሆን፣ ሲጀመር የሳምንታት ጉዳይ ነው ተብሎ ነበር። ደጋሾቹ ብዙ ናቸው፤ ዛሬ ቢጠየቁ ግን ሁሉም ተጠርተው መጡ እንጂ አልደገሱም። ዳሱ የፈረሰው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ነው፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው። የመቐለ ዳስ ደቡብ አፍሪካ ላይ መፍረሱ የገረማቸው ነበሩ። እኔን አልገረመኝም። የተጣሉ ደጋሾች ሲታረቁ ሁልጊዜ የሰው ሳሎን ይፈልጋሉ፤ በራሳቸው ሳሎን ምንጣፉ ታጥቦ ገና አልደረቀም።

መስተንግዶው ልዩ ነበር። እንግዳው በጫጫታ እንዳይረበሽ ስልኩ ተዘጋለት። ገንዘቡን በከንቱ እንዳያባክን ባንኩ ተዘጋለት። ዓይኑን እንዳያመው መብራቱ ጠፋለት። ቁንጣን እንዳይዘውም እህል የጫነው መኪና መንገድ ላይ እንዲቆም ተደረገ። ለእንግዳ ጤና እንዲህ የተጨነቀ አስተናጋጅ በየትም አገር አልታየም፤ በኋላ የተጻፈው የግምገማ ሪፖርትም ይህን «የመስተንግዶ ጥራት» በሚል ርዕስ ሥር አስፍሮታል።

ድንኳን ሰባሪም ነበረ። ሌላ ሰፈር ድንኳን ሰባሪ ሆዱን ሞልቶ፣ ሰዋውን ጠጥቶ፣ ቢበዛ አንድ ሕምባሻ በብብቱ ወሽቆ ይሄዳል። የእኛው ከመረብ ማዶ መጥቶ በር ነቅሎ፣ መስኮት ነቅሎ፣ ማቀዝቀዣና ፍራሽ ጭኖ ነው የሄደው። ዳሱ በፈረሰበት ሰነድ ላይ ስሙ አንድም ቦታ አልተጻፈም። ሳይጠራ መጥቶ፣ ሳይጠራ ቀረ። በመካከል የሆነውን የሚያውቀው ያስተናገደው ቤት ብቻ ነው።

እንግዲህ ዕቃ የሚመልስ፣ ሂሳብ የሚያጣራና ድግሱን የሚገመግም ኮሚቴ ተቋቋመ። ስብሰባው መጀመሪያ የታሰበው በትምህርት ቤት ነበር፤ ክፍሎቹ ግን በእንግዶች ተይዘዋል። እነዚህ እንግዶች ድግሱ ሲያበቃ ወደየቤታቸው መሄድ ነበረባቸው። ሊሄዱ ሲሉ ቤታችሁ ውስጥ ሌላ እንግዳ ተቀምጧል ተባሉ፤ ያኛው ደግሞ ሲጠየቅ እንግዳ ሳይሆን ባለቤት ነኝ አለ። ስለዚህ ጥቁር ሰሌዳው ሥር አነጠፉና እዚያው አደሩ። ክረምቱም አለፈ፣ ሌላውም ክረምት አለፈ። ስብሰባው ወደ አዳራሽ ተዛወረ።

በሩ ላይ አንዲት ልጅ መጠይቅ ታድላለች። «በድግሱ ምን ያህል ረክተዋል? ከ1 እስከ 5 ያክብቡ።» «የአስተናጋጆች ቅልጥፍና እንዴት ነበር?» «ወደፊት በሚዘጋጅ ተመሳሳይ ድግስ ላይ ለመገኘት ፍላጎት አለዎት?» ከፊቴ የቆሙ ሽማግሌ ወረቀቱን አራቁት፣ አቀረቡት፣ መነጽራቸውን ጠረጉና «አዎ» እና «የለኝም» የሚል ሣጥን እንጂ «በግድ» የሚል ሣጥን አላየሁም አሏት። «አስተያየት ካለዎት ከጀርባው ይጻፉት አቦይ» አለች። ገለበጡት። ጀርባው ባዶ አልነበረም፤ ወረቀት ተወዶ ስለነበር መጠይቁ የታተመው በቀድሞ ድግስ ሪፖርት ጀርባ ላይ ነው። አቦይ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ጥናት አቅራቢው በኋላ በስላይድ ሲያሳየን አብዛኛው ሰው መጠይቁን ይዞ መሄዱ «ከፍተኛ የባለቤትነት ስሜት» ተብሎ ተተርጉሟል።

ሰብሳቢው በጠንካራ ጎን ጀመሩ። ሕዝቡ በነቂስ ወጥቷል። ወጣቱ ግንባር ቀደም ሆኗል። እናቶች ስንቅ አዘጋጅተዋል። በውጭ የሚኖሩ ወዳጆች እሳቱ እንዳይቀዘቅዝ ማገዶ በማቀበል የማይተካ ሚና ተጫውተዋል። ማገዶው ከዋሽንግተንና ከለንደን እየተላከ የሚቃጠለው ዓይደር መሆኑ «የቅንጅት ማሳያ» ተብሏል። የአዲስ አበባዎቹ ደጋሾችም ለብቻቸው ተቀምጠው ገምግመው ድግሱ በድል ተጠናቀቀ ብለዋል፤ የመቐለዎቹም እንዲሁ። በአንድ ዳስ ሥር የተጣሉ ሁለት ወገኖች ሁለቱም አሸንፈው የወጡበት ድግስ ከዚህ ሌላ አላጋጠመኝም። ተሸናፊ አልተገኘም። ምናልባት መጠይቁን ይዞ የሄደው እሱ ይሆናል።

ደካማ ጎን ሲባል አዳራሹ ዝም አለ። ጠርሙስ ውሃ ሲከፈት ይሰማል። ብዙ ከተፈለገ በኋላ ሦስት ነጥብ ተገኘ፦ የሰዓት አከባበር፣ የመረጃ ልውውጥ ክፍተት፣ ሦስተኛም ከድግሱ በኋላ በአንዳንድ እንግዶች ዘንድ የሚታይ የጠባቂነት አመለካከት። ሦስተኛው እነዚያን ጥቁር ሰሌዳ ሥር የተኙትን ይመለከታል። እነሱ የጠበቁት እንጀራ በ2015 ዓ.ም. በጓሮ በር ወጥቶ ገበያ ላይ ሲሸጥ ተገኝቶ፣ ሰጪዎቹ ተቆጥተው የመጋዘኑን ቁልፍ ይዘው ሄደው ነበር። የሰረቀው ሌላ፣ ጦሙን ያደረው ሌላ። ይህም ተገመገመ፤ የጓሮውን በር የከፈተው ሰው ተነሥቶ ሂሱን ውጫለሁ አለ። በዚህ ቤት ሂስ ይዋጣል። በሁለት ዓመቱ ድግስ ከቀረበው ሁሉ ሳያልቅ የተረፈውና ሁሉም ጠግቦ የዋጠው እሱ ነው፤ ሆዱን የታመመ ግን አልሰማሁም።

ግምገማ ለመቐለ አዲስ ነገር አይደለም። በርሃ ላይ ተወልዶ ከተማ የገባ፣ እዚህም አድጎ የከበረ ልማድ ነው። አንድ የቆየ ምሳሌ በግልጽ ላንሣ፤ ሃያ ዓመት ያለፈው ነገር ሰም አያሻውም። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ ስምምነት ከተዘጋ በኋላ፣ የሕወሓት ማዕከላዊ ኮሚቴ እዚሁ መቐለ ተቀመጠ። ሊገመገም የነበረው ጦርነቱ ነው፤ እንዴት ተጀመረ፣ ለምን እዚያ ላይ ቆመ፣ ማን ምን ወሰነ። ከሁለቱም አገር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያለቀበት ነገር ነውና ጥያቄው ተገቢ ነበር። ስብሰባው ከሳምንት ወደ ሳምንት ሲገፋ ግን የመለስ ዜናዊ የቦናፓርቲዝም ጽሑፍ መጣ፤ ሙስናም ተከተለ፤ በመጨረሻ ድምፅ ተሰጠና 15 ለ13 ሆነ። ከተሸነፉት 12ቱ ረግጠው ወጡ፣ ኋላም ተባረሩ። ቦናፓርት የሚባል ፈረንሳዊ ባድመ ላይ ሲዋጋ ያየ የለም፤ በግምገማው ግን ከማንም በላይ ስሙ ተነሣ። ጦርነቱ በየት በር ወጥቶ እንደሄደ ልብ ያለም አልነበረም። በወንበር ላይ ክርክር ሲጀመር እንዲህ ነው፤ ለውይይት የተጠራው ጉዳይ ቀስ ብሎ ኮቱን ለብሶ ይወጣል።

ወደ ዕቃችን። ትልልቆቹ ብረት ድስቶች በጥር 2015 ዓ.ም. አጉላዕ ላይ ተመልሰዋል፤ ከውጭ የመጡ ታዛቢዎች ቆመው አይተዋል። ቢላዎቹ ግን የትየለሌ ናቸው። ቢላዋ ያዡን ወደ ቤቱ የመሸኘቱ ሥራ የተጀመረው በኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው፤ ዳሱ ከፈረሰ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ። ቢላዋውን ሲያስረክብ የሚቀበለው ሰው ጠረጴዛ ዘርግቶ ይጠብቀዋል። ሥራ ሲጠይቅ የሚቀበለው ጠረጴዛ ግን ገና ከአናጢው አልመጣም። ከእነሱ አንዳንዶቹ ቢላዋ የሚይዙበትን እጅ ድግሱ ላይ ትተውታል፤ የእነዚህ ርክክብ ቀላል ነው ሲባል ሰምቼ የተናገረውን ሰው ፊት ለማየት ዞርኩ። ቁምነገሩን ነበር።

የፕላስቲክ ወንበሮቹ ሁሉ ተመልሰዋል። አንድ ወንበር ብቻ ቀርቷል፤ ሰው ስለተቀመጠበት። አንድም አይደሉም፣ ሁለት ናቸው የተቀመጡበት። አንዱ ተነሥ ሲባል አንተ ተነሥ ይላል። ለመዳኘት ማኅተሙ ማን ዘንድ እንዳለ ይታይ ተባለና ማኅተም ፍለጋ ከወረዳ ወረዳ ተሮጠ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ግማሹ ተሰብስቦ ጉባኤ ነው ሲል፣ ግማሹ ደጅ ቆሞ ማኅበር ነው አለ። የደጁም የውስጡም አጀንዳ ግን አንድ ነበር፤ ስለ ወንበሩ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ መዝጋቢው አካል ከአዲስ አበባ ጽፎ፣ ዕድራችሁ ጠቅላላ ጉባኤውን በወጉ አላደረገም ሲል ከመዝገብ ሰረዘው። የተሰረዘው ዕድርም ተሰብስቦ መሰረዙን ገመገመ።

ስለ ዕቃ አጣቢዎቹ ብዙ አልተወራም፤ እኔ ጥቂት ልጨምር። የዓይደር ሆስፒታል በሩን የከፈተው በ2000 ዓ.ም. ነው። 500 ያህል አልጋ አለው፤ ከትግራይ አልፎ ከአፋርና ከሰሜን አማራ ሕመምተኛ ይመጣለታል። በድግሱ ሰሞን የመኪናው መንገድ ሲዘጋ መድኃኒቱ አለቀ፣ ደመወዙ ለብዙ ወራት ቀረ፣ ሐኪሙ ለልጆቹ እህል ፍለጋ ወጣ። በድግስ ዕቃ ይታጠባል፤ ዓይደር ላይ የታጠበው የቀዶ ሕክምና ጓንት ነው። አጥበው አደረቁት፣ ደግመውም አጠለቁት። አንድ ሰው ተነሥቶ ለእነዚያ ሐኪሞች የምስጋና ወረቀት ይገባቸዋል ሲል ሐሳቡ በጭብጨባ ጸደቀ። የወረቀቱ ሕትመት በጀት ሲፈቀድ ይከናወናል።

ከሻይ በኋላ ገንዘብ ያዡ ተነሡ። ጥንቁቅ ሰው ናቸው፤ ሳንቲም አይጠፋባቸውም። «ገቢ» አሉና አነበቡ። «ወጪ» አሉና አነበቡ። የጄኔሬተር ነዳጅ፣ የድምፅ ማጉያ ኪራይ፣ የአበል፣ የባነር። ከዚያ መነጽራቸውን አውርደው «ቀሪ፣ ዜሮ» ብለው ወረቀቱን ዘጉ።

ከኋላ፣ ከግድግዳው ሥር፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የተቀመጡ አደይ እጃቸውን አወጡ። ወጥ ቤት ከሠሩት አንዷ ናቸው።

«ቀሪ ዜሮ ነው ያልከው፣ ወደይ?»

«አዎ አደይ። ገቢና ወጪው እኩል ነው።»

«የእኔ ሁለቱ ቀርተዋል። የጎረቤቴም ቀርቷል። ከእኛ መንገድ የቀሩትን እኔ ራሴ ልጥራልህ እችላለሁ።»

ገንዘብ ያዡ በትሕትና ፈገግ አሉ። «አደይ፣ እርስዎ የሚሉት ቀሪ የተማሪ መዝገብ ላይ ያለው ነው፤ መምህር ስም ሲጠራ የሚባለው። ይኼ የሂሳብ ቀሪ ነው።»

«እሺ። የእኔን በየትኛው መዝገብ ትጽፍልኛለህ?»

ገንዘብ ያዡ ወደ ሰብሳቢው አዩ። ሰብሳቢው ወደ ጸሐፊው አዩ። ጸሐፊው «በይደር ይያዝ» ብለው ጻፉ። መሰብሰብ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ እፎይ ይላል፤ በይደር የተያዘ ነገር የትም አይሄድም፣ ወዴትም አይደርስም።

ዓይደር ግን የቀረውን ቆጥራ ታውቃለች፣ ይህንንም በግልጽ ልናገር። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ አውሮፕላኖች መቐለ መጡ። ዒላማው አየር ማረፊያው ነው ተባለ፤ ሁለቱ ግን ክላስተር ቦምባቸውን የጣሉት ዓይደር ትምህርት ቤትና ዙሪያው ላይ ነው። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በአልጀርስ ስምምነት የተቋቋመው፣ ሄግ የተቀመጠው የካሳ ይገባኛል ኮሚሽን ጉዳዩን አየ። ሚያዝያ 20 ቀን 1996 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ ኤርትራ ማድረግ የምትችለውን ጥንቃቄ ሁሉ አላደረገችምና ኃላፊ ናት አለ። ቁጥሩም እዚያው ሰፈረ፦ 53 ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል፣ 12ቱ ልጆች ናቸው፤ 185 ቆስለዋል፣ 42ቱ ልጆች ናቸው። ከጥፋቶቹም መካከል አንዱን ደጋግሜ አነባለሁ፤ ጥቃቱ ከደረሰ በኋላ ዳግም እንዳይደርስ ተገቢው እርምጃ አልተወሰደም ይላል። ቦምቡን ከጣሉ በኋላ ቁጭ ብሎ አለማጣራት በራሱ በሰው ፊት ያስወቅሳል ማለት ነው። ኮሚሽኑ ነሐሴ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ጠቅላላ ሂሳቡን አወራረደ፤ ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለኤርትራ 163.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ሲጣፋ ቀሪው አሥር ሚሊዮን ተኩል ነው። በዚህ ቀሪ ላይ የሚስቅ ይሳቅ፣ እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ። 12 የሚለው ቁጥር ግን ከሳሽና ተከሳሽ በተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ተጽፏል፤ 11 ነው ወይም 13 ነው ብሎ ለመከራከር የፈለገ ሁሉ ወረቀቱን ማግኘት ይችላል።

የሰሞኑ ድግስ እንዲህ ያለ ወረቀት የለውም። ፕሪቶሪያ ላይ ካስታረቁት አንዱ፣ የቀድሞው የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ፣ የቀረውን ሰው እስከ 600 ሺ ገምተዋል። እስከ! አንድ ሠርግ ላይ የታረደው ዶሮ እንኳ እንዲህ አይገመትም፤ ላባው ይቆጠራል፣ እግሩ ይቆጠራል፣ የጎደለ ብልት ካለ ወጥ ሠሪዋ ትጠየቃለች። ለማጣራት በውጭ የተቋቋሙ ሁለት ቡድኖች ነበሩ። ባንጁል የተቀመጠው የአፍሪካ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ቡድን ሰኔ 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ግንቦት 2015 ዓ.ም. እንዲበተን ተደረገ። የጄኔቫው፣ የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ቡድን፣ ጊዜው ይራዘምለት ብሎ ወረቀት የሚያቀርብለት አንድ አገር ጠፍቶ ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ላይ አበቃለት። ድግሱን ሊገመግሙ ተነሥተው ራሳቸው ተገምግመው ተሸኙ። ሥራውን የአገር ውስጥ ኮሚቴ ይረከበዋል ተባለ። ያ ኮሚቴ እኛ ነን ለማለት ሰብሳቢያችን ደረታቸውን ነፉ።

በዚያው ጥቅምት መጀመሪያ፣ ዳሱ ከፈረሰ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ትግራይ ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠች። ለቤቱ ሁሉ የልጁ ስም በወግ የተነገረው ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ እናት በር ሲንኳኳ ትነሣ ነበር፤ ደጋሾቹ ከፕሪቶሪያ ሲመለሱ ማን እንደቀረ ያውቁ ነበር፣ ጭብጨባው እንዳይረበሽ ብለው ነው መሰል ለራሳቸው ያዙት። ሦስት ቀኑ አለቀ፣ ድንኳኑ ተነቀለ፤ አሁን ስለ ዕውነተኛ ድንኳን ነው የማወራው። ስለዚያ ሳምንት በኮሚቴው ሪፖርት ላይ አንድ መስመር አገኘሁ፤ «የኀዘን ሥነ ሥርዓቱ በሰላም ተጠናቋል» ይላል። በሰላም።

ከሁለተኛው ረድፍ አንድ መሪጌታ ዕድል ጠየቁ። ሰብሳቢው አጭር እንዲሆን አሳሰቡ። መሪጌታ እጅግ አሳጠሩት፤

ድግሱ አለቀና ሂሳቡ ሲጣራ፣
መዝገቡ ተዘጋ የቀረው ሳይጠራ።

አዳራሹ አጨበጨበ። ገንዘብ ያዡ ተነሥተው፣ ሂሳቡ በሚገባ እንደጠራ፣ ጥርጣሬ ያለው ሰው ደረሰኝ ማየት እንደሚችል ለመሪጌታ አረጋገጡላቸው። መሪጌታም ባርከው ተቀመጡ። አደይ ብቻ አላጨበጨቡም፤ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወስደው ነበር።

የመጨረሻው አጀንዳ «ልዩ ልዩ» ነው። ልምድ ያለው ተሰብሳቢ በዚህ አጀንዳ አይተኛም፣ ዋናው ነገር ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚደበቀው። የሚቀጥለው ድግስ አሰናጅ ኮሚቴ ከአሁኑ ይመረጥ ተባለ። የአዲስ አበባው ደጋሽ ዘንድሮ ዳሱ እስከ ባሕር ዳር ይዘርጋ ይላል አሉ፤ ከተማዪቱን ይሁን የባሕሩን ዳርቻ የጠየቀ የለም። የእኛዎቹ ግማሾች ደግሞ ከመረብ ማዶው ድንኳን ሰባሪ ጋር በአንድ ቀንበር ተጠምደዋል ይባላል፤ ዘንድሮ በክብር እንግድነት በዋናው በር ይገባል፣ ባለፈው የነቀለውን በር መልሶ ይግጠም አይግጠም አልተነገረም። ማገዶ አቅራቢዎቹ ከባሕር ማዶ ዝግጁ መሆናቸውን በስልክ አሳወቁ፤ ስልኩ አልተዘጋም፣ ገና ዝግጅት ላይ ነን። የከብት፣ የድንኳንና የቅስቀሳ ንዑሳን ኮሚቴዎች በአሥር ደቂቃ ተመርጠው አለቁ። ለወጥ ቤቱ ሥራ የአምናዎቹ እናቶች እንዲቀጥሉ ሲወሰን ማንም እናቶቹን አልጠየቀም፣ ልምድ አላቸውና።

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ።

«እንግዲህ ጊዜው ሄዷል። አደይ ያነሡት የቀሪ ጉዳይ ጥልቅ ውይይት ይፈልጋልና ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደር። ይደር የምትሉ?»

የፊተኛው ረድፍ እጅ ወጣ። ሰብሳቢው ዓይናቸውን ከዚያ ረድፍ አላሳለፉም።

«አይደር!» አሉ አደይ።

ከጎናቸው ደግሞ አንድ ድምፅ፤ እነዚያ መጠይቅ ኪሳቸው የከተቱት ሽማግሌ ናቸው። «አይደር!» ከዚያ መሪጌታ። ከዚያ በሩ ላይ የቆመችው ልጅ። ከዚያ ማን ማን እንደሆነ አልለየሁም፤ የኋላው ግማሽ አዳራሽ በአንድ ላይ «አይደር! አይደር!» ይላል።

ጸሐፊው ቀና ብለው አዳመጡ፣ ገባኝ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ጻፉም። ቃለ ጉባኤው በማግስቱ ተባዝቶ ሲታደል አንድ ቅጂ ደርሶኛል። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ጉዳዩ በሙሉ ድምፅ በይደር ተይዟል። የስብሰባው ቦታ፦ ዓይደር።»